የጥበቃዎቻችን ባትሪ አምፖል ይለወጥ፤ ግን በማስተዋል

የሰፈራችን የሌሊት ጥበቃዎች የእጅ ባትሪ አሮጌ አምፖል በኤልኢዲ ይተካ የሚለው ሐሳብ ደግ ነው። ድንጋይ ይቆጥባል፣ ብርሃኑም ይደምቃል። ነገር ግን «ኤልኢዲ አይሞቅም» የሚባለው ወሬ ማንንም እንዳያሳስት።

አሮጌው አምፖል አብዛኛውን ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይረጨዋል። የኤልኢዲ ሙቀት ግን እዚያው ከሥሩ ይቀራል፤ ዋና መውጫውም የተያያዘበት ብረት ነው። በፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ከታፈነ ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ታዲያ ሌባ በመጣ ሌሊት የደበዘዘ ባትሪ ለጥበቃው ምን ሊረባው ነው?

በመሆኑም ለፕላስቲክ ባትሪ ከ1 ዋት ያልበለጠ ይገዛ፤ 3 ዋት የሚፈለግ ከሆነ ቀፎው ብረት ይሁን። ቮልቱም ከድንጋዩ ብዛት ጋር ይመሳከር፤ 2 ድንጋይ 3 ቮልት፣ 3 ድንጋይ 4.5 ቮልት ነው። በጅምላ ከመግዛታችን በፊት አንዱን ብቻ ገዝተን፣ በአዲስ ድንጋይ 20 ደቂቃ አብርተን እንየው። ቶሎ ከደበዘዘ ወይም አንገቱ እጅ ከፈጀ ይቅርብን። ገንዘቡ የጋራችን ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።