ስለሚንሸራተተው በርና ስለ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችን



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ ቆሻሻ መጣያ፣ ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ስለ በር ነው። ስለ ቤት በር አይደለም፤ እዚህ አሌክሳንድሪያ ከየሕንፃው ፊት ለፊት ተደርድረው ስለምናያቸው ያረጁ የቤተሰብ ሚኒቫኖች የጎን በር ነው። ያ ቁልፉ ሲነካ በራሱ ይሄድ የነበረው፣ አሁን ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደ እልኸኛ በቅሎ የሚመለሰው በር። ነገሩ ያስቃል፤ እኛም ብዙ ጊዜ ስቀንበታል። ካለፈው የበረዶ ወራት ወዲህ ግን መሳቁን ትተናል።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን ወደ አማርኛ ትምህርት የምናደርሰው በየተራ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያች ቅዳሜ ተራው የደረሰው ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ለአንዳችን ነበር። መኪናዋ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የቀኝ በሯ ደግሞ ካስቸገረ ቆይቷል። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ስለነበር በሩ ከጎማው ማኅተም ጋር ተጣብቆ አደረ። ቁልፉ ቢነካ ሞተሩ አቃሰተ እንጂ በሩ አልተላቀቀም። በጉልበት ስበን ከፈትነው፤ ልጆቹ ገቡ፤ በጉልበት ገፍተን ዘጋነው። ዳሽቦርዱ ላይ የበሩ መብራት እንደበራች ቀረች። «እሷ እንደሆነች ሁልጊዜም ትበራለች» ተባለና ጉዞ ተጀመረ።

ወደ ትልቁ መንገድ ታጥፈን ቤንዚን ስንሰጣት በሩ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ቀዝቃዛው ነፋስ ሲገባ ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ጮኹ። በሩ አጠገብ የነበረችው የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሾፌራችን ቀስ ብላ ወደ ዳር አወጣችና አቆመች፤ ከዚያ በኋላ እጇ እየተንቀጠቀጠ ለአሥር ደቂቃ ያህል መሪውን እንደያዘች ተቀመጠች። ማንም አልተጎዳም። ለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ልጅቷን አጥብቆ የያዘውን ቀበቶ።

ይህንን በማግሥቱ ለጎረቤቶች ስናወራ ነው ጉዱ የወጣው። «እንዴ! የኛም እኮ እንደዚያው ነው» የማይል ጠፋ። ልጆች በተራ ከሚያመላልሱት ሰባት ሚኒቫኖች በአራቱ ላይ አንደኛው በር በትክክል አይሠራም። አንደኛዋ በር ከውስጥ በገመድ ታስራለች። በሌላዋ ልጆቹ ሳይነገራቸው በግራ በኩል ብቻ ይገባሉ፤ ለምደውታል። ለእኛ ከሁሉ የከፋው ይኸው መልመዱ ነው።

እስቲ በሩ ምን እንደሚሆን እንይ፤ መካኒክ ጎረቤታችን የውስጡን ልባስ አውልቆ ስላሳየን ነው ይህን የምናወራው። ከጎን ግድግዳው ውስጥ አንድ ሞተር አለ። ሞተሩ ቀጭን የብረት ካቦ የሚጠቀለልበትን ከበሮ ያዞራል፤ ካቦው በመኪናዋ ጎን ላይ ባለው ሐዲድ ጫፍና ጫፍ በትንንሽ ፑሌጅያዎች ላይ ዞሮ በሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይጎትታል። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ መያዣው ውስጥ ያለ ሌላ ትንሽ ሞተር ተቀብሎ አጥብቆ ይስበዋል። ከፍቶ ዘግቶ ዓመታት ሲያልፉ ካቦው ፑሌጅያው ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። የተበጠሰው ክር እንደ እሾህ ቆሞ ሐዲዱን ያንቃል። በዚህ ላይ የበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው፣ የልጆች ብስኩት ፍርፋሪ፣ የደረቀ ጭማቂ ይጨመርበታል። (ከአንዱ ሐዲድ ውስጥ ሁለት የእርሳስ ቁራጭና አንድ የጠፋ የጆሮ ጉትቻ ወጥቷል። ባለቤቷ መጥታ ትውሰድ።) ሞተሩ ይታገላል፤ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ወይም በሩ ዕቃ የነካ መስሎት ይመለሳል።

ሁሉም ብልሽት ብልሽት አይደለም፤ ይህንንም ሳንነግራችሁ ማለፍ አንፈልግም። አንድ ጎረቤታችን «የግራ በሬ ሞተ» ብለው ጋራዥ ሊሄዱ ሲሉ የቤንዚን መሙያው ክዳን ክፍት ሆኖ ተገኘ። በብዙዎቹ ሚኒቫኖች ላይ የቤንዚኑ ክዳን ክፍት ከሆነ በሩ እንዳይገጨው ተብሎ የግራው በር አይከፈትም። ሌላዋ ደግሞ በሩን የሚያጠፋውን ማብሪያ ልጇ ነክቶባት ሦስት ወር በእጅ ስትገፋ ከርማለች። ባትሪ ከተቀየረም በኋላ በሩ ቦታውን ስለሚረሳ አንድ ጊዜ በእጅ እስከ መጨረሻው ዘግቶ እንደገና ማለማመድ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኪስ ከመዳበስ በፊት እነዚህን ማየት አይከፋም።

ዋናው ፍርሃታችን ግን አልከፈት ያለ በር አይደለም። አልከፈት ያለ በር ያበሳጫል እንጂ ሰው አይጥልም። የሚያስፈራው የተዘጋ መስሎ ያልተያዘ በር ነው። ይህ በር የሚከፈተው ወደ ኋላ ስለሆነ መኪና ሲፈጥን ወይም ዳገት ሲወጣ ካልተያዘ ይከፈታል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ያ ሁሉ ክብደት ወደ ፊት ተወርውሮ ይመጣል። ቁልቁል ቆማችሁ ሙሉ በሙሉ የከፈታችሁት በርም መያዣው ካረጀ ተንሸራቶ የሕፃን ጣት ላይ ሊያርፍ ይችላል። የእኛ መኪና ማቆሚያ ደግሞ ቁልቁለት መሆኑን ማን ያጣዋል?

ይህ የኛ ሰፈር ችግር ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ በይፋ የታወቀ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል የሆኑ ሲየና መኪኖቹን ለጥገና ጠርቷል፤ በአሜሪካ ብቻ ወደ 744,000 መኪና ማለት ነው። ምክንያቱም በሩ፣ ለምሳሌ በበረዶ ተይዞ፣ አልከፈት ሲል የሞተሩ ፊውዝ ሊቃጠልና መያዣው እንደተላቀቀ ሊቀር፣ ከዚያም መኪናው እየሄደ በሩ ሊከፈት ስለሚችል ነበር። በ2020 ደግሞ ሆንዳ ከ2018 እስከ 2020 ሞዴል የሆኑ ወደ 324,000 ኦዲሲዎችን የጠራው የውጪ እጀታው ገመድ ውስጥ ውኃ ገብቶ በብርድ ሲቀዘቅዝ በሩ በትክክል ላይያዝ ስለሚችል ነው። በረዶና በር! እኛም ያየነው ይኸንኑ ነው፤ የእኛ መኪና ግን ከነዚህ ጥሪዎች በአንዱም ውስጥ የለችበትም።

የእናንተ ትኖርበት እንደሆነ ግን እዩ። እንዲህ ያለው ጥገና በነጻ የሚሠራ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ባለቤት ብትሆኑ ለውጥ የለውም። ሕጉ የሚቆጥረው መኪናው ለመጀመሪያ ገዢ ከተሸጠበት ቀን እስከ ጥሪው ማስታወቂያ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው፤ ይህም ቀድሞ 10 ዓመት የነበረው በ2015 በወጣው ሕግ 15 ዓመት ሆኗል። ማለትም ጥሪው በወጣ ጊዜ መኪናችሁ ከ15 ዓመት ካልበለጠ ዛሬ ብታረጅም መብታችሁ አለ። ደብዳቤው ላይደርሳችሁ ይችላል፤ ምክንያቱም እኛ ቤት እንቀያይራለን፣ መኪና ከጓደኛ እንገዛለን፣ የእንግሊዝኛ ፖስታ ሲበዛም ሳንከፍት እንጥላለን። በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የመኪና መለያ ጽፋችሁ በብሔራዊው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የፍለጋ ገጽ ላይ ብታስገቡት መልሱ ወዲያው ይወጣል። አይሆንልኝም የሚል ቁጥሩን ይዞ ይምጣ፤ ከወጣቶቻችን አንዱ ያይለታል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የእኛን በር አንድ የመኪና መሸጫ ድርጅት ጋራዥ አይቶት ሞተሩንና ካቦውን አንድ ላይ ካልቀየርኩ አልሠራም ብሎ ከ1,500 ዶላር በላይ ጠየቀን። መኪናዋ ራሷ ስንት ታወጣለች? ጋራዡን አንኮንንም፤ ዕቃው ሙሉውን ተሰብስቦ ነው የሚሸጥለት። ግን ለብዙ መኪኖች ካቦውን ብቻ ለይተው የሚሸጡ መለዋወጫ ሻጮች አሉ። መካኒክ ጎረቤታችን ሞተሩ ደኅና መሆኑን አይቶ ካቦውን ብቻ ቀይሮ፣ መያዣውን አጽድቶ፣ ሮለሮቹን ግራሶ ቀብቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው፤ የከፈልነው ከተጠየቅነው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ሥራው ግን ቀላል አይደለም፤ የጣቱን ቆዳ ተልጧል፤ ስለዚህ በነጻ ሥራልን ብላችሁ እንዳታስቸግሩት አደራ እንላለን።

ይህም የማይቻል ከሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የኤሌክትሪኩን ነገር ጨርሶ መተው። ማብሪያውን አጥፍቶ፣ የተበጠሰውን ካቦ በመካኒክ እጅ አስወጥቶ በሩን በእጅ መግፋት። የሚያሳፍር ነገር አድርገው የሚያዩት ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን አይገባንም። ክራይስለር የ1984ን ሚኒቫን ሲያወጣ የሚንሸራተተው በር በቀኝ በኩል አንድ ብቻ ነበር፤ በእጅ ነበር የሚገፋው፤ የግራው እስከ 1996 ሞዴል ድረስ አልመጣም፤ ቤተሰቡም አልሞተም። መያዣው እስከያዘ ድረስ በእጅ የሚዘጋ በር ጥሩ በር ነው። የገመዱ ነገር ግን ይቅር። በገመድ የታሰረ በር አደጋ ቢደርስ ልጅ አያስወጣም፤ ስለዚህ ከተከፈተው በር እኩል ነው የምንፈራው።

አንድ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ይህንን ሰምተው ሳቁብን። «አዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ በሩ ክፍት ሆኖ ስንት ዘመን ሄደናል! እናንተ በበረዶ አገር በር ታማርራላችሁ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ግን ጋሼ፣ እዚያ በሩን በእጁ የሚይዝ፣ ግማሽ አካሉን አውጥቶ የሚከፍትና የሚዘጋ ወያላ ነበረ። የእኛ ሚኒቫን ወያላ የለውም። ከኋላ ያለው የአራት ዓመት ልጅ ነው።

ሌሎች ደግሞ «መኪና የግል ንብረት ነው፤ ማኅበሩ ምን አገባው?» ይላሉ። ሰው ብቻውን ሲነዳት የግሉ ናት፤ እኛም አያገባንም። የሰው ልጅ ጭና ስትሄድ ግን ያ ክርክር አይሠራም። ስድስት እናቶች ልጆቻቸውን ሲያስረክቡ በሩን ከፍተው አይመረምሩም፤ አምነው ነው የሚያስረክቡት። በሩ የተበላሸበት ሰውም ቢሆን የሚደብቀው ክፉ ሆኖ አይደለም። ተራውን አልችልም ማለት ያሳፍረዋል፣ ገንዘብም የለውም። እኛም ያን ቅዳሜ የመብራቷን ነገር ዝም ያልነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሌላ ሰበብ ልንፈጥር አንችልም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የጎን በሩ ተዘግቶ መብራቱ ያልጠፋለት መኪና፣ ወይም በሩ የታሰረ መኪና፣ እስኪሠራ ድረስ የጋራ ልጆች አይጭንም፤ የባለቤቱን ተራ ሌሎቻችን ያለ ቅሬታ እንሸፍናለን። በተጨማሪም ከማኅበሩ ሣጥን ለዚህ ጥገና የሚሆን ወለድ የሌለው ብድር እንዲሰጥና በአምስት ወር እንዲመለስ እንጠይቃለን። ሣጥኑ ለኀዘንና ለሕመም ብቻ ነው የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ኀዘን ሳይደርስ በፊት ጥቂት ብር ብታወጣ ሣጥኒቱ ምን ትሆናለች?

እስከዚያው ድረስ በቅዳሜ ተራ ላይ ያላችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ወርዳችሁ የበሩን የኋላ ጠርዝ ከመኪናው አካል ጋር እኩል መሆኑን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከውስጥም አንድ ጊዜ ገፋ አድርጉት። በረዶ ካደረ ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ዳር ዳሩን ጥረጉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ትልልቆቹ ልጆች ይወቁ፤ በመኪና ውስጥ እጀታ መነካካት የለም ተብሎ ይነገራቸው።

መኪናውን ማሳየት የሚፈልግ ስሙን ከዚህ ሰሌዳ ሥር በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ይጻፍ። መካኒካችን በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መኪና ለማየት ፈቅዷል። እርሳሱን ግን እባካችሁ መልሱ።