የዳነ ልጅ ድኗል፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዘግይቼ ሳነብ

ዛሬ ስለ ጉንፋን ወይም ስለ ክትባት አይደለም የምጽፍላችሁ፤ ስለ አንድ ልብወለድ ነው። ወላጆች ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ሆኜ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እስከ ዘንድሮ አላነበብኩም ነበር። አዎ፣ አፍሬ ነው የምናገረው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱባት እንዶዳም እዚሁ አጠገባችን ናት፤ ዩኒቨርሲቲያችንም የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያለቀሱ ታላላቆቼ «ያሳዝናል» ሲሉኝ ሸሸሁት። ሐኪም ከሆንኩ ወዲህ ደግሞ «ሐዘን ሥራ ቦታ ይበቃኛል» እል ነበር።

ስህተት ነበር። ሥራ ቦታ ለማዘን ጊዜ የለም፤ አንዱን ሳትጨርሱ ቀጣዩ ካርድ ይመጣል። መጽሐፉን ይዤ ስቀመጥ ግን ማንም አልጠራኝም። (በድባቴ ውስጥ ያላችሁ ግን መጽሐፍ ሕክምናን አይተካምና መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።)

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ፍቅር ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ማንኩሳ፣ የታመመ ሕፃንና የፈራች እናት። ውድነሽ ልጇ ከዳነላት ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን ተሳለች። በዛብህ አደገ፤ እሱ ሳይጠየቅ የተገባው ስለትም አብሮት አደገ።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ባነበው ኖሮ በውድነሽ እፈርድባት ነበር። አሁን አልችልም፤ እሷን የመሰሉ እናቶችን በየሳምንቱ አያለሁ። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን እናት ከመሳል ሌላ ምን ነበራት? ስለት መግባትን አልነቅፍም። የሚያሳስበኝ ልጁ ከዳነ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀረው ፍርሃት ነው።

አንዲት እናት (እንዳትታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ) ልጇ በጨቅላነቱ በሳንባ ምች ከሞት አፋፍ ተመልሷል። አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ክብደቱ ጥሩ፣ ሳንባው ንጹህ። ግን ብርድ ይመታዋል ተብሎ ኳስ አይጫወትም፤ ባስነጠሰ ቁጥር ከትምህርት ቤት ይቀራል። «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ስለው እናቱን አየና «እማዬ ናት የምታውቀው» አለኝ።

ግሪንና ሶልኒት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህንኑ በ1964 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ሊሞት ነው ተብሎ የተፈራለት ልጅ ከዳነም በኋላ ወላጆቹ እንደሚሰበር ዕቃ ይይዙታል። ልጁ ከእናቱ መለየት ይቸግረዋል፤ ትንሹ ሕመም ሁሉ ይገንናል፤ በትምህርቱም ወደ ኋላ ይቀራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ሰሞን ማለት ይቻላል።

እኛ ሐኪሞችም ጥፋት አለብን። «ለጥቂት ነው የተረፈው» ብለን ወላጅን እንሸኛለን፤ «ድኗል» የምትለዋን ቃል ግን እንረሳታለን። ስለዚህ ልጃችሁ ከከባድ ሕመም ሲያገግም እናንተው ጠይቁን፦ «አሁን እንደ ማንኛውም ልጅ ነው ወይ?» አዎ ካልናችሁ ይሩጥ፣ ይውደቅ፣ ይቆሽሽ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ክትትሉን ይቀጥላል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።

መጽሐፉን እንደጨረስኩ እናቴ ጋ ደወልኩ። ልጅ ሳለሁ ብዙ ታምሜ ነበር።

«እማዬ፣ ለእኔስ ምን ተስለሽ ነበር?»

«ጃንጥላ» አለችኝ። «ገና ድሮ አስገብቻለሁ።»