ድኃውን ስለ ማወቅ ለአገር ሹማምንት የቀረበ አሳብ

ድኅነትን ለማቃለል ገንዘብ የሚመድበው የበላይ መንግሥት ቢሆንም፥ ድኃው ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው የቅርብ ሹም ነው። በመናገሻው ከተማ ያለ መሥሪያ ቤት ቍጥር ያነባል፤ የቀበሌ ሹም ግን ጭስ ያልወጣበትን ጎጆ ያያል። እርሱ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ ከላይ የተመደበው ብር ቢበዛም የሚሄድበትን ደጅ አያገኝም።

ለዚህ ነገር ከወሎ የበለጠ ምስክር አይገኝም። በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ ጐደለ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። ገበሬው በሬውን ሸጠ፥ ለዘር ያስቀመጠውን በላ፥ ከዚያም ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ወደሚወስደው አውራ ጐዳና ወጣ። በዚያው ወራት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልተወደደም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። የህንዱ ሊቅ አማርትያ ሴን ነገሩን መርምሮ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሕዝቡን የጨረሰው እህል ከአገር መጥፋቱ ሳይሆን አዝመራው የጠፋበት ገበሬ መግዣ ማጣቱ እንደ ሆነ አስረዳ። እንግዲህ ገበያውን አይቶ «አገር ደኅና ነው» ብሎ የጻፈ ሹም ቢኖር፥ ያየው የነጋዴውን ጆንያ ነው።

ባለመሬቱም በዚያ ክፉ ዘመን ከጭሰኛው ድርሻውን መጠየቁን አልተወም። የረኃቡ ወሬ ተሸሽጎ ቈየ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ባሳየ ጊዜ ግን ዓለም ሁሉ ሰማው። ዓመት ሳይሞላ፥ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ። የመውደቁ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፥ የተሸሸገው ረኃብ ከዋናዎቹ አንዱ ነበረ።

ስለዚህ ሹም ከእህል ዋጋ ይልቅ አንድ በሬ ስንት ቍና እህል እንደሚገዛ፥ ስንት አባወራ ለቀን ሥራ ከቀዬው እንደ ወጣ፥ ስንት ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ቀረ መጻፍ ይገባዋል። ይህን በየወሩ መጻፍ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። የበላዩም አለቃ ክፉ ወሬ ያመጣውን «ሥራህ ደካማ ስለ ሆነ ነው» ብሎ አይቈጣው፤ አንድ ጊዜ የተቈጣ አለቃ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ነውና።

በ1997 ዓ.ም. በገጠር፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ይህንኑ ዕውቀት ከሹም የሚፈልግ ነው። እርከን የሚሠራውን ገበሬም ሆነ በሆጤ መንገድ የሚጠርገውን የከተማ ድኃ የሚመርጠው የሰፈሩ ኮሚቴ ነው። «ድኃን መርዳት ስንፍና ያስተምራል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ጉልበት ያለው የሚከፈለው ሠርቶ ነው፥ በነፃ የሚረዱት መሥራት የማይችሉት ናቸው። ይልቅስ የሚያሠጋው የመራጩ ዘመድ ተጽፎ ጎረቤቱ የቀረ እንደ ሆነ ነው። አቤቱታ ሰሚውም ከመራጩ የተለየ ሰው መሆን አለበት። የስሙ ዝርዝር በሕዝብ ፊት በሚነበብበት ቀንም አስተዳዳሪው ራሱ ቢገኝ መልካም ነው፤ ያልተጻፈችው ባልቴት እርሱ ባለበት ደፍራ ትናገር ይሆናል።