«ኃይል አይጠፋም» ለምትሉ ገጣምያን

ከግጥም ምሽቶቻችን የማትታጣ አንዲት አባባል አለች፤ «ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ»። ገጣሚው በእርሷ ሟቹን ያስነሣል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ ሳይንስም እንደ ምስክር ይቆጠራል። አባቴ ሲሞት እኔም በዚችው ሐሳብ የኀዘን ግጥም ጽፌያለሁና ከወቀሳው አላመልጥም። ዳሩ ግን ምስክሩን ያላለውን እያስባልነው ነው። የፊዚክስን ሕግ እንደ ታክሲ ውስጥ ጥቅስ ከነገባበት ሁሉ መለጠፍ ስንፍና ነው።

እኔ የባንክ ጸሐፊ ነኝ፤ ሚዛን እወዳለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ የሚዛን አገር ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር እሽጉ ሳይነካ ይደርሳል፤ በዲክላራሲዮኑ የሰፈረው ተቆጥሮ ይገኛል፤ ቢጎድል ተጠያቂ አለው። እስቲ ኮንቴይነሩ በመንገድ ላይ ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም እጥፍ ሆነ እንበል። (ብረቱ አተሞቹ ስለተያያዙ እንዲህ አይለጠጥም፤ የሚለጠጠው በጋላክሲ ዘለላዎች መካከል ያለው ኅዋ ነው።) የጫነው ስኳር ከሆነ ሰፊ ቦታ አገኘ እንጂ አልጎደለም። ብርሃን ከሆነ ግን የፎቶኖቹ ቁጥር ሳይጎድል የእያንዳንዱ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ ሞገዱ በእጥፍ ተለጥጧልና። ባዶ ከሆነስ? የባዶው ኃይል ስምንት እጥፍ ሆኖ ይደርሳል።

«የጨለማ ኃይል» የተባለው ይኸው ነው። ስሙን ሰምታችሁ ወደ ድግምት እንዳትሮጡ፤ ጨለማ የተባለው ምንነቱ ስላልታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የሚፈነዱ ከዋክብትን ለክተው የጠፈር መስፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ከጠፈር ጠቅላላ ኃይል 70 በመቶ ገደማ የእርሱ ድርሻ ነው ይባላል። ከ2024 ወዲህ የወጡ ልኬቶች እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል፤ ያ እውነት ከሆነ ስምንቱ ስምንት አይሞላም። የብርሃኑ ጉድለት ግን አይለወጥም፤ ጥንታዊው የጠፈር ብርሃን ከተለቀቀ ወዲህ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጦ፣ ከ3,000 ኬልቪን ወደ 2.7 ወርዷል።

ሒሳብ አዋቂዋ ኤሚ ኖተር በ1918 እንዳረጋገጠችው፣ የኃይል አለመጥፋት የሚጸናው መድረኩ ከጊዜ ጋር ሳይለወጥ ሲቀር ነው። እዚሁ ቅርባችን ባለው የቆቃ ተርባይን ሕጉ ጽኑ ነው። መድረኩ ራሱ በሚሰፋበት ጠፈር ግን ዋስትናው የለም። የጎደለው በስበት ሒሳብ ይመዝገብ የሚሉ አሉ፤ መድረሻው ያልታወቀ ገንዘብ የምናቆይበትን ጊዜያዊ ሒሳብ ያስታውሰኛል። ለመላው ጠፈር ሁሉም የተስማማበት የስበት ኃይል ድምር እስካሁን የለም።

የአባቴ ገላ ሙቀት ከፊሉ በማይታይ ብርሃን መልክ ከምድር ወጥቷል። በጋላክሲዎች መካከል ሲያልፍ ይደክማል፤ የደከመውንም የሚረከብ የለም። ትናንት የኀዘን ግጥሜን አውጥቼ «አልጠፋህም» የምትለውን ስንኝ ሰረዝኩ። በቦታዋ የማስገባውን ገና አላገኘሁም።