ሸክላውን አትጣሉት

አለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ብሎ መጥራት ለእኔ ጎዶሎ ሙገሳ ነው። እርግጥ በወጣትነቱ የአሜሪካዊውን የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ፣ የኤልቪስ ፕሪስሊን፣ የጠጉር አበጣጠርና አለባበስ ይከተል ነበር። ድምፁና አማርኛው ግን የራሱ ነበሩ፤ ለዚህም ምስክሩ አምኃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመለት የሙዚቃ ሸክላ ነው። የዚያ ዘመን ከዋክብት ግን እያለፉ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ በ2001፣ አለማየሁም በ2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የምትኖሩ ተማሪዎች ሆይ፣ ከአያቶቻችሁ ሣጥን ሥር አቧራ የለበሰ ሸክላ ብታገኙ፣ «ማጫወቻ የለውም፤ ምን ይረባል?» ብላችሁ አትጣሉት። በላዩ የተጻፈውን የዘፋኙንና የባንዱን ስም በደብተራችሁ ገልብጡ፤ መቼና ከየት እንደተገዛም አያታችሁን ጠይቁ። ይህ በሸክላው ላይ አልተጻፈም።