«ዝም ብለህ ጻፍ!» መልስ አይደለም

በማስተማር ልምምድ ሰሞን ከመካከላችን አንዱ ስለ አጥቢ እንስሳት ያስተምር ነበር። «ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም፤ አጥቢ ነው» አለና ሰሌዳው ላይ ጻፈው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ታዲያ ቲቸር፣ ለምን ዓሣ ተባለ? አጥቢ ከሆነስ ባሕር ውስጥ ምን አገባው?» ሲል ጠየቀ። መልሱ «ዝም ብለህ ጻፍ!» ሆነ። ከኋላ ተቀምጠን እንታዘብ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። አሁን ስናስበው ግን የሚሳቅበት ልጁ ሳይሆን እኛው ነበርን።

ልጁ የጠየቀው እኮ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዓሣ ነባሪ በሳንባ ስለሚተነፍስ አየር ለመሳብ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። ግልገሉን ያጠባል። መቅዘፊያ በሚመስለው የፊት እግሩ ውስጥ የክንድና የጣት አጥንቶች አሉት። እነዚህ ሁሉ የየብስ ኑሮ ርዝራዦች ናቸው።

ከመሬት ተቆፍሮ የወጣውም ማስረጃ ይህንኑ ይመሰክራል። በፓኪስታን ተገኝቶ በ1981 እ.ኤ.አ. ስም የወጣለት ፓኪሴተስ ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአራት እግሩ ይሄድ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው አምቡሎሴተስ ደግሞ መሄድም መዋኘትም ይችል ነበር። ከእነዚህ ዘግይቶ የመጣው ባሲሎሳውረስ ጨርሶ የባሕር እንስሳ ነው፤ ሆኖም በግብፅ በረሃ የተገኘው አጽሙ ጣት ያላቸው ትናንሽ የኋላ እግሮች እንደነበሩት በ1990 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። ያን ረጅም ገላ ሊሸከሙ ቀርቶ መሬት ላይ ሊያቆሙትም አይችሉም ነበር።

ስለ ስሙስ? በ1834 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሃርላን ይህንኑ ባሲሎሳውረስን ከእንሽላሊት ወገን ቆጥሮ «ንጉሥ እንሽላሊት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሪቻርድ ኦወን ጥርሶቹን መርምሮ አጥቢ መሆኑን አስረዳ። ስሙ ግን እንደተሳሳተ ቀረ። ሰው መጀመሪያ የሚሰይመው በመሰለው ነው፤ የእኛም ቋንቋ «ዓሣ» ቢለው አያስገርምም። ለልጁ ይህን መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለም» የሚል ይኖራል። አለ እንጂ! ለበዓል ከታረደው በግ የቁርጭምጭሚቱን አጥንት አጥበን ክፍል እንውሰድ። ላይና ታቹ እንደ መዘውር ጎድጎድ ያለ ነው። ይህ ቅርጽ ጣተ ሙሉ ቁጥር ሸኾና ያላቸው እንስሳት መለያ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ይኸው ዓይነት አጥንት በፓኪስታን በተገኙ ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች እግር ላይ መኖሩ ተገለጸ። ዘሩን ከሌሎች የጠፉ ሥጋ በሎች ይቆጥሩ የነበሩ ሊቃውንትም ሐሳባቸውን አረሙ። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ጉማሬ ነው። የጣና ልጆች ጉማሬን ያውቁታል፤ አያቱ ሳይሆን የአጎቱ ልጅ ነው ብንላቸው ይገባቸዋል።

ሊቃውንቱ «ተሳስተን ነበር» ካሉ፣ እኛ «አጣርቼ ነገ እነግርሃለሁ» ማለት ለምን ያሳፍረናል? ሰሌዳ ላይ የተጻፈ በዳስተር ይጠፋል። ልጅን «ዝም በል» ያሰኘ መምህር ግን ያጠፋው ሌላ ነገር ነው። በሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዳችን አንድ አጥንትና አንድ የልጅ ጥያቄ ይዘን እንገናኝ እንላለን።