የተፋቀ ቁጥር

የኳንተም ኮምፒዩተር ተመራማሪ ለመሆን የሚመኝ ተማሪ በመካከላችን አለ። ምኞቱ መልካም ነው። ሆኖም ሥራው ሲታሰብ ለብዙዎቻችን የሚታየን በሒሳብ የተሞላ ሰሌዳ ብቻ ነው። የተመራማሪው ዕለታዊ እንጀራ ግን ከስሕተት ጋር መታገል ነው።

የስሌቱ መሠረት የሆነው ኪዩቢት በጥቂት ሙቀት ይበላሻል። ስለዚህ በሱፐርኮንዳክተር የሚሠራው ዓይነት ከፍጹም ዜሮ በላይ አንድ መቶኛ ኬልቪን ያህል በሆነ ብርድ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንዲያም ሆኖ ይሳሳታል። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1995 አንድን ኪዩቢት በዘጠኝ ኪዩቢት ከስሕተት የሚጠብቅ ዘዴ አቀረበ። የጉግል ተመራማሪዎች 105 ኪዩቢት ባለው ዊሎው በተባለው ቺፕ፣ የመጠበቂያው ኪዩቢት ሲበዛ ስሕተቱ እንደሚቀንስ ያሳዩት ግን በ2024 ነው። ይህ 29 ዓመት የተገፋው ስሕተትን በመለካትና በመመዝገብ እንጂ በመደበቅ አይደለም።

የደበቀውንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሆላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ለኳንተም ኮምፒዩተር ታላቅ ተስፋ የሰጠ ጽሑፍ በኔቸር መጽሔት ወጣ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ጥሬውን መዝገብ ጠይቀው ሲመረምሩ ከታተመው ሥዕል የተቆረጠ ውጤት አገኙ፤ ጽሑፉም በ2021 ተሻረ። መርማሪዎቹ ሊቃውንት ደራሲዎቹን ያሳታቸው የጉጉት ስሜት ሳይሆን አይቀርም አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እስቲ ወደ ራሳችን ላቦራቶሪ እንመለስ። ፔንዱለም አወዛውዞ የስበትን ፍጥንጥነት 9.3 ያገኘ ተማሪ ቁጥሩን ፍቆ 9.8 ይጽፋል፤ ሙሉ ማርክም ያገኛል። ያገኘውን በሐቅ የጻፈው ጓደኛው ይቀነስበታል። እንዲህ የሠለጠነ እጅ ነገ ኪዩቢት ሲለካ ምን ይጽፍ ይሆን?

«ይህማ ለሰነፍ መሸሸጊያ ይሆናል» የሚሉ መምህራን ይኖራሉ። አይሆንም፤ ሰነፍ የስሕተቱን ምክንያት ማስረዳት አይችልምና። ክሩ በትክክል ተለክቷል? ሰዓቱ ዘግይቷል? ማርኩ ለዚህ መልስ ይሰጥ።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ነው። መምህራን ሆይ፣ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ መዝገቡን መርምሩ። ተማሪዎች ሆይ፣ የለካችሁትን በማይፋቅ ቀለም ጻፉ። ይህን ለመጀመር የማቀዝቀዣው መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻንም።